የስምንት ሰዓቱ ተመልካች

ኦስሎ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት የፊልም ኦፕሬተር ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ቤሪት ቀኑን ሙሉ ከአጠገቤ አልተለየችም። ፕሮጀክተሩ እንዴት እንደሚነሳ፣ ሌንሱ በየትኛው ጨርቅ እንደሚጠረግ፣ ድምፁ አዳራሹ መሀል ተቆሞ እንዴት እንደሚለካ አሳየችኝ። በመጨረሻ ከማሽን ክፍሉ ትንሽ መስኮት ወደ ወንበሮቹ ጠቆመችና፣ «ስልኩን ወደ ስክሪኑ የሚያነሳ ሰው ካየህ ወዲያው ጥራኝ። ፊልም እዚህ እንደተቀረጸ ከታወቀ አከፋፋዮቹ ፊልም አይሰጡንም» አለችኝ።

ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት የዚያው ሲኒማ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ኦፕሬተር ከሆንኩ በኋላ ግን ፊልም አይቼ አላውቅም ማለት ይቻላል፤ የማየው ሰዎቹን ነበር።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ አንድ የቻይና የፍቅር ፊልም መጣ። ሰውየው እጮኛው በጎርፍ ትሞትበታለች። ከዓመታት በኋላ በሌላ ከተማ ቁርጥ እሷን የምትመስል የአውቶቡስ ሹፌር ያገኛል። የሟቿን ካፖርት ያለብሳታል፣ ሟቿ የምትወደውን ምግብ ያበላታል፤ ሹፌሯ ግን ምንም አታውቅም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት በሚታየው ላይ የሚመጡት ጥቂት ጡረተኞች ናቸው። ከነሱ መሀል አንድ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው ሐበሻ ነበር። ሁልጊዜ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጣል። ሹፌሯ ብቅ ስትል ስልኩ ይበራል። ፊልሙ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ተነስቶ ይወጣል። በአራተኛው ቀን እየቀረጸ ነው ብዬ ደመደምኩ። ወርጄ በር ላይ ጠበቅኩት።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ስልክዎን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?»

በአማርኛ ስናገር ደነገጠ። ሳይከራከር ከፍቶ ሰጠኝ። የተቀረጸ ነገር የለም። አንዲት ነጭ ሹራብ የለበሰች ሴት ፎቶ ብቻ ነበር፤ ስትስቅ ፍንጭት ጥርሷ ይታያል።

«ባለቤቴ ናት። ከሞተች ሰባት ዓመቷ» አለኝ።

«ነፍስ ይማር። ታዲያ ለምን ሳያልቅ ይወጣሉ?»

«መጨረሻውን አልወደውም።»

«ካላዩት እንዴት አወቁ?»

ስልኩን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ስሙ ዳዊት መሆኑን፣ ሊንደበርግ እንደሚኖርና አረጋውያን በሚጦሩበት ሲከየም እንደሚሠራ ብቻ ነግሮኝ ሄደ።

ለቤሪት ሪፖርት አደረግኩ። «አልቀረጸም፤ ግን አላመንኩትም» አልኳት።

«ቲኬት ቆርጦ የገባ ሰው ማዘን መብቱ ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በሳምንቱ ቅዳሜ ዳዊት ከአንዲት ሴት ጋር መጣ። በር ላይ ቲኬታቸውን ስቀበል ቀና ብዬ አየኋት። ያቺው የፎቶዋ ሴት ናት። ግንባሯ፣ ዓይኗ፣ አንገቷን ዘንበል የምታደርግበት ሁኔታ ሳይቀር። ሞተች ያለኝ ሴት በእግሯ መጣች!

«ጋሼ፣ ሰናይት ትባላለች» አለኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። እሷ ከንፈሯን ገጥማ ፈገግ ብላ ሰላምታ ሰጠችኝ።

ወደ ማሽን ክፍሉ ስወጣ ጭንቅላቴ አላርፍ አለ። ሚስቱን በሕይወት እያለች ሞተች የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? ወይስ ፈታችው? ምን ሊያደርጋት ነው ያመጣት? ያን ቀን ከመስኮቱ ንቅንቅ አላልኩም።

ዳዊት እንደወትሮው ሩብ ሰዓት ሲቀረው አልወጣም። ሹፌሯ የሟቿን ፎቶ መሳቢያ ውስጥ አግኝታ፣ «ስትጠራኝ ማንን ነው የምትጠራው?» ብላ ስትጠይቅ፣ የተነሳችው ሰናይት ናት። ሮጬ ወረድኩ።

«እህቴ፣ ደህና ነሽ?»

«ጋሼ፣ ይሄን ፊልም ከዚህ በፊት አይቶታል እንዴ? ከተቀመጥን ጀምሮ እኔን ነው የሚያየው።»

ስትናገር ጥርሶቿን አየሁ። ግጥም ያሉ ናቸው። ፍንጭት የላትም፤ ሌላ ሴት ናት። ሰውየው አልዋሸኝም ነበር።

«አይቶታል» አልኳት።

«ስንት ጊዜ?»

«ብዙ።»

«የሴት ፎቶ ይዞ አይተውታል?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። «አዎ» አልኩ።

«ትመስለኛለች?»

«እኔ ራሴ አንቺ ነሽ ብዬ ነበር።»

የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጯ ሳበችው። «ኔይ» አለች ለራሷ፣ አይሆንም እንደማለት። እንደገና «ኔይ» አለችና ወጣች።

ዳዊት ተከትሏት ሲመጣ ደረጃው ባዶ ነበር። «ምን ብለው ነገሯት?» ብሎ ጮኸብኝ።

«የጠየቀችኝን።»

«እኔ ልነግራት ነበር እኮ!»

«በፊልም?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «አራት ወር ሞከርኩ። በአፌ አልወጣ አለኝ። ይሄን ፊልም ካየች እሷው ትጠይቀኛለች ብዬ ነው። መጨረሻው ላይ ሹፌሯ ምን እንደምትወስን ለማወቅ ግን ፈራሁ።» ውሃ አመጣሁለት። አዘንኩለት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላመንኩትም።

ፊልሙ በሚወርድበት የመጨረሻ ቀን ሰናይት ብቻዋን መጥታ እስከ መጨረሻው አየችው። ስትወጣ እኔ ጋ ቆመች።

«ሕፃናት በምንጠብቅበት ባርነሃገ ሥራ ውዬ ስወጣ በር ላይ ጠብቆ ሁሉንም ነገረኝ» አለችኝ። «ፎቶዋንም አሳየኝ። አለቀስኩ፤ ለእሷ ይሁን ለራሴ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«ፎቶዋን ጣል አልልህም፣ በእሷ ስም የጠራኸኝ ቀን ግን ያበቃል አልኩት።»

ተጋቡ። አሁን ሆልምሊያ ነው የሚኖሩት። ባለፈው ባቡር ውስጥ አግኝቻት ኑሮ እንዴት ነው አልኳት።

«ደህና ነው። በስሜ ነው የሚጠራኝ» አለች። «አንዳንዴ ሲያየኝ ግን ዘወር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አያለሁ።» አልሳቀችም።

እኔን ለተካችሁ ኦፕሬተሮች የምለው ይሄን ነው። የጠረጠራችሁትን ሰው ጠይቁት፤ በአንድ መልስ ግን አትመለሱ። እኔ ስልኩን አይቼ፣ ባላምነውም ነገሩን ተውኩት። ያን ቅዳሜ ዳዊትን ለብቻው ጠርቼ ይህች ሴት ማን እንደሆነች ልጠይቀው ይገባ ነበር። አልጠየቅኩትም፤ እሷም ነገሩን መጀመሪያ ከእሱ አፍ ሳይሆን ከእኔ ሰማችው።