ዝላታ የጠፋችበት እርሻ

እትዬ ዶባ እርሻቸውን ሸጠው ቦነስ አይረስ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ሲሉ፣ አካፋ ይዤ እንድመጣ ላኩብኝ። እኔና እሳቸው እዚሁ አርጀንቲና፣ እንትሬ ሪዮስ ገጠር ጎረቤት ሆነን ነው ያረጀነው። አባቴም ለአያታቸው ለሌይዘር ስንዴ አጭዷል።

ሌይዘር ከሌሎች አይሁድ ስደተኞች ጋር ከሩሲያ በመጡበት በመጀመሪያው ክረምት ከአራት ልጆቻቸው ሦስቱን ተስቦ ወሰደባቸው። ያኔ ለአይሁዶቹ የመቃብር ቦታ ገና አልተከለለም፤ ሦስቱንም፣ ቤሬልን፣ ሄንያንና ዝላታን፣ እርሻው መሀል ቀበሯቸው። ከዚያ ወዲህ ሌይዘርም፣ የተረፈው ልጃቸውም፣ በኋላም እትዬ ዶባ ሲያርሱ ያችን ቁራሽ መሬት እየዞሩ ያልፏት ነበር። የእትዬ ዶባ እናት ነፋስ ሲነሳ ከዚያ በኩል የሕፃን ሳቅ ይሰማኛል ይሉ ነበር። እኔ ሰምቼ አላውቅም። ፈረሴ ግን በዚያ ሲያልፍ ጆሮውን ያቆማል።

«ገዢው አኩሪ አተር ሊዘራ ነው፤ በትራክተር ይሄድባቸዋል» አሉኝ። «ረቢው ወደ መቃብር ቦታችን ውሰዷቸው ብሎኛል።»

«ሙት ሲነኩት ይቀየማል ይባላል፣ እትዬ።»

«አንተ ደግሞ፣ ፀጉርህ ሸብቶም ፍርሃትህ አልለቀቀህ! ቆፍር ይልቅ።»

ቤሬልን አገኘነው፤ ከጎኑ ሄንያን። እትዬ ዶባ ስማቸውን እየጠሩ አጥንታቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉ። ታናሿ ዝላታ ግን የለችም። ቁራሿን ሙሉ ገለበጥኳት፤ የለችም። ሁለት እርምጃ ወጥቼ የታረሰውን ስቆፍር አንዲት የሕፃን ጫማ ዘለበት ወጣች። ሌላ ምንም።

እትዬ ዶባ ዘለበቷን በመዳፋቸው ይዘው ትልሙ ላይ ተቀመጡ።

«በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ገፍተናል» አሉ። «አያቴም፣ አባቴም። እኔም ገፍቻለሁ። አርሰን በትነናታል።» የዘለበቷን አፈር በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ «የሰንበት ዳቧችንን ከእሷ ላይ ነው ስናበቅል የኖርነው» አሉ።

ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ።

ሁለቱን በማግስቱ ከዘመዶቻቸው ጎን ቀበርናቸው። እትዬ ዶባ ሽያጩን አፈረሱ፤ እርሻውንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ማረሻ አላስነኩትም።

ልጃቸው ማኡሪሲዮ ተናዶ መጣ። «እማዬ፣ ስለ አንዲት ሕፃን ብለሽ ይሄ ሁሉ መሬት?»

«የቱ ጋ እንዳለች አሳየኝና የቀረውን ልሽጥ» አሉት።

ማኡሪሲዮ በሩ ላይ ቆሞ እርሻውን ብዙ አየው። በማለዳው አውቶብስ ብቻውን ተመለሰ። እትዬ ዶባ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። መሬቱን ማኡሪሲዮ ወርሶታል፤ ዛሬም ጾሙን ነው የሚያድረው።