መርዶውና ሁለቱ ቫልቮች

ወንድሜ መሞቱን የነገረኝ አለቃዬ ነው። ፈረንጅ ነው፤ ቆሞ፣ መፍቻውን በእጁ እንደያዘ ነገረኝ። ስልኩ ቢሮው ውስጥ ጮኸ፣ አነሳው፣ መጣና «ወንድምህ ሞቷል ብለው ደወሉ። አዝናለሁ። ቤት መሄድ ትፈልጋለህ?» አለኝ። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ከምሳ በፊት።

«አልፈልግም» አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ እነሱ ዘንድ የሚነገረው እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ ግን መርዶ አይወረወርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሰውየው እንቅልፉን ሳይጨርስ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ግራና ቀኝ ተይዞ ይረዳል። ከዚያ ያለቅሳል፤ ሰውም አብሮት ያለቅሳል።

የደወለው የወንድሜ ልጅ ነው፣ ከጅዳ። ቤታችን ደውሎ ሰው ሲያጣ፣ ለክፉ ቀን ብዬ የሰጠሁትን የምሠራበትን ሾፕ ቁጥር ሞከረ። እኔን አቅርቡልኝ አላለም። አለቃዬ በዕድሜ የገፋ መሆኑን ሰምቷል፤ «ለእሱ ከነገርኩት እንደ ሽማግሌ ሆኖ፣ ሰው ሰብስቦ፣ ቀስ አድርጎ ያረዳዋል» ብሎ ነው። ምን ያድርግ፣ አገሩን አያውቅ።

ሾፑ ሆፕኪንስ ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ሰፈር። ጊዜው በፈረንጅ ዘጠናዎቹ መሃል። በሰመር የሣር ማጨጃ እንጠግናለን፣ በረዶ ሲወርድ ደግሞ ስኖውሞቢል። ስኖውሞቢል ማለት በረዶ ላይ የሚሮጥ ሞተር ብስክሌት በሉት፤ ከፊት በጎማ ፈንታ ሁለት መንሸራተቻ፣ ከኋላ እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚዞር ላስቲክ አለው። ፈረንጆቹ በዚህ ነገር የበረዶ ሐይቅ ላይ ሲበሩ ይውላሉ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም፤ ብቻ ሲበላሽ እኛ ጋ ይመጣል።

ያን ዕለት የያዝኩት ባለሁለት ሲሊንደር ነው፤ ዘይትና ቤንዚን ቀላቅሎ የሚጠጣው ዓይነት። ይህ ሞተር ጭሱ በሚወጣበት አፍ ላይ፣ ለየሲሊንደሩ አንዳንድ ቫልቭ አለው። ጠፍጣፋ ነው፣ የቢላ ስለት ይመስላል። ሞተሩ ቀስ ሲል ስለቱ ወርዶ አፉን ያጠባል። ነዳጅ ሲሰጡት የጭሱ ግፊት ከላይ ያለችውን ላስቲክ ይነፋትና ስለቱ ይነሳል፣ አፉ ይከፈታል፣ ማሽኑም ይፈተለካል። መልሶ የሚያወርደው ሞላ ነው። ከሁሉ በላይ አንድ ቀይ ክዳን አለ፤ እሱን ስታጠብቀው ቫልቩ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ስታላላው ቶሎ። የተቃጠለ ዘይት እንደ ቅጥራን ሲጋገርበት ግን ቫልቩ ተጣብቆ ይቀራል። ባለቤቱ ያመጣው «ይነሳል፣ ይሄዳል፣ መሮጥ ግን እምቢ አለኝ» ብሎ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሊወስደው ቀጠሮ አለው።

አንድ የሚያስፈራ ነገር አለው። የስለቱ ጫፍ በአንድ ወገን ሰያፍ ነው፤ ያ ወገን የራሱ አቅጣጫ አለው። ተገልብጦ ከገባ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል። ሐይቅ መሃል፣ ከሰው ርቆ፣ በዚያ ብርድ ሞተሩ ቢፈርስ ሰውየው በእግሩ መመለሱን እንጃ።

ሥራውን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው፣ ደሴ፣ አንድ ጣሊያን ጥሎት በሄደ ጋራዥ። አባታችን ሲሞት እሱ አሥራ ስድስት፣ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። አበላኝ፣ አለበሰኝ፣ አራተኛ ክፍል ድረስ አስተማረኝ፤ ከዚያ በላይ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ስኖውሞቢል በዓይኑ አላየም፤ ጥላሸት ግን የትም ጥላሸት ነው። «ብረትን በብረት አትፋቅ። ዘፍዝፈህ ጠብቅ» ይል ነበር። እኔ ችኩል ነኝ። በካቻቢቴ ስፍቅ ከያዘኝ ጆሮዬን በፒንሳ ይቆነጥጠኝ ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው፣ ግን በፒንሳ።

አለቃዬ ሲነግረኝ ሁለቱም ቫልቮች ማጠቢያው ውስጥ ተዘፍዝፈው ነበር። የመጀመሪያውን አወጣሁ፣ በብሩሽ አጠብኩ፣ መለስኩት። እሱን አስታውሳለሁ። ሁለተኛውን አላስታውስም። የማስታውሰው ጣቶቼን ነው። የማጠቢያው ፈሳሽ በብርድ ወቅት እጅ ያደነዝዛል። ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ሁልጊዜ እንደሚሆነው ማለት ነው። ሁልጊዜ ግን ትንሽ ቆይቶ ይለቃል። ያን ቀን አልለቀቀኝም። በአውቶቡስ ሌክ ስትሪትን ይዤ ፊሊፕስ ሰፈር፣ ቤቴ ስደርስም እንደዚያው ነኝ።

ቤት ስገባ ስልኩ ከግድግዳው ተነቅሏል።

«አንቺ፣ ይሄ ስልክ ምን ሆነ?» አልኳት ሚስቴን።

«ተበላሽቷል።»

«እስቲ አምጪው ልየው።»

«ተወው አልኩህ! ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አንተ ካልፈታኸው አይሆንም?»

ፊቷን አዞረች። ልጄ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ ጠይቄያት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ያን ማታ ውሃ አምጪልኝ አልኳት።

«እሺ አባዬ» አለችኝ።

ሁለት ቃል አማርኛ። በዚህ ነው እነሱም እንደሰሙ ያወቅኩት። የወንድሜ ልጅ እኔ ቤት ሳልደርስ ጎረቤታችንን በስልክ አግኝቶ ኖሯል፤ ለአለቃዬ መንገሩን ግን አላነሳለትም። ሚስቴ ሽማግሌዎቹን አማክራ ቀኑ ለቅዳሜ ተቆርጧል። እዚህ አገር መርዶም ቅዳሜን ይጠብቃል፤ በሥራ ቀን ማን ይሰበሰባል?

ታዲያ ሰምቻለሁ ለምን አላልኩም? አንደኛ፣ ሚስቴ ታፍራለች። «ፈረንጅ፣ ሥራ ቦታ፣ ቆሞ ነገረው» ይባላል። ሁለተኛው ይብሳል። እንባ አልመጣልኝም። ረቡዕ የለም። ሐሙስ አውቶቡስ ውስጥ የእሱን ፊት እያሰብኩ ሞከርኩ፣ የለም። ዓርብም እንደዚያው። ምናልባት በወጉ ሲያረዱኝ ይመጣል ብዬ ዝም አልኩ። አባት ሆኖ ያሳደገኝን ሰው ደረቅ ዓይን ይዤ ከቀበርኩት፣ ሌላው ሰው ይቅር፣ እኔ ራሴን ምን እለዋለሁ? ይህን ብቻ ነበር የምፈራው። እነሱ ከእኔ ይደብቃሉ፣ እኔ ከእነሱ እደብቃለሁ፣ ሦስት ቀን እንዲህ ተኖረ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። እኔ ሱሪዬንም ካልሲዬንም አድርጌ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጥፋቴ ነው፤ መርዶ የሚረዳ ሰው ተኝቶ ነው መገኘት ያለበት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ወንዶቹ ካፖርታቸው ላይ በረዶ እንዳለ ቆሙ። ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ተቀመጠብኝ። የዕድራችን ሽማግሌ ፊት ለፊቴ ወንበር ሳበ።

«እንዴት አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«መቼም የሰው ልጅ እንግዳ ነው።»

«አዎ፣ እንግዳ ነው» አልኩ።

«አዳምም ሞቷል።»

«ሞቷል።»

ሽማግሌው ግራ ገባው። ቶሎ ቶሎ ስመልስለት ነገሩን የሚያዞርበት መንገድ አለቀበት። ጎኔ ያሉትን ሰዎች አየና «እንግዲህ ጠንክር። ወንድምህ ዐረፈ» አለ።

ቤቱ በአንዴ ጮኸ። ሚስቴ ሦስት ቀን ያፈነችውን ለቀቀችው። ልጄም እናቷን አቅፋ አለቀሰች፤ አጎቷን አንድ ቀን እንኳ አላየችውም። እኔ እጆቼን አያለሁ። ጥፍሬ ስር ጥቁር ነገር አለ።

«ኧረ አልቅስ አንተ ሰው!» አለችኝ አንዲት የሚስቴ ጓደኛ። «ወንድምህ እኮ ነው! ድንጋይ ነህ?»

ጋቢዬን ወደ ላይ ስቤ ፊቴን ሸፈንኩ። ያለቅሳል ይበሉ ብዬ ነው። ጋቢው ውስጥ እጄ ፊቴ ላይ ነው፤ የማጠቢያው ሽታ አልለቀቀውም። ሽታው ሲመጣ ያ ማሽን አብሮ መጣ። የመጀመሪያው ቫልቭ ሲገባ ትዝ አለኝ፣ ሰያፉ ወገን በየት እንደዞረም ትዝ አለኝ። ሁለተኛው? ምንም። ባዶ። ሐሙስና ዓርብ ማሽኑ ከሾፑ ኋላ ቆሞ ሳለ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሰውየው ዛሬ ይወስደዋል።

ተነሳሁ። «ሆፕኪንስ መሄድ አለብኝ።»

«የት?»

«ሆፕኪንስ። ቫልቩን ገልብጬው ይሆናል።»

«ምን ገለበጥኩ ነው የሚለው?» አለ ሽማግሌው።

«አዞረው! ኀዘኑ ራሱን አዞረው፣ ያዙት!» አለ ከቆሙት አንዱ።

ያዙኝ። ግራና ቀኝ ያሉት ለዚሁ ነው የተቀመጡት። ኀዘንተኛ ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል የሚይዙበት አያያዝ አለ፣ በዚያ አያያዝ ያዙኝ። ስልኩን ሰክታችሁ ደውሉልኝ አልኩ። ልጄ ሰክታ ደወለች፤ አለቃዬ ውጭ ነው መሰለኝ፣ ማንም አያነሳም።

«ልቀቁት» አለ ጎረቤታችን። ኤርትራዊ ነው፣ እስላም፣ ታክሲ ይነዳል፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ስለተማረው ከኔ ይልቅ አጥርቶ ነው የሚናገረው። «እኔ እወስደዋለሁ፣ እኔ እመልሰዋለሁ።»

ታክሲው ውስጥ በመስታወቱ አየኝ።

«ጋሼ፣ ቀድመው ሰምተው ነበር አይደል?»

«ረቡዕ።»

«ማን ነገርዎት?»

«ፈረንጁ።»

«ላ ኢላሀ ኢለላህ» አለ።

ስንደርስ ማሽኑ ተጎታች ላይ ወጥቶ በገመድ ታስሯል። አውርዱት አልኩ። አለቃዬ ጃኬቴ ላይ የደረብኩትን ጋቢ አየ፣ እኔን አየ፣ ገመዱን መፍታት ጀመረ። ባለቤቱ ቀይ ጺም ያለው ወፍራም ሰው ነው።

«ሽማግሌው፣ አንተ እስክትጨርስ ሐይቁ ይቀልጣል!» አለኝ።

«ይቅለጥ» አልኩት።

ሾፑ ውስጥ አስገብተን ሁለተኛውን ፈታሁት። ቀዩን ክዳን፣ ሞላውን፣ ላስቲኳን፣ ሁለቱን ብሎኖች፣ ከዚያ ስለቱን ሳብኩት። ልክ ነው። አልተገለበጠም። ንጹሕ ነው፤ ጠርዙ ላይ እንኳ ጥላሸት የለም። ወደ መብራቱ አዙሬ የካቻቢቴ ጭረት ፈለግኩበት። የለበትም። ተዘፍዝፎ፣ ተጠብቆ፣ በጨርቅ ተወልውሎ የገባ ነው። መቼ እንዲህ እንዳደረግኩት አላውቅም። እጁ የኔ ነው፤ ትዕግሥቱ ግን የኔ አይደለም፣ የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ያላስተካከልኩት ቀዩን ክዳን ብቻ ነው፤ ላልቶ ነበር። ስለቱን መልሼ፣ ክዳኑን እስኪስተካከል አጠበቅኩና አንድ ዙር መለስ አደረግኩት። ከኋላ አንስተን በማቆሚያው ላይ አስቀመጥነው። «ሞክረው» አልኩት ባለቤቱን።

አስነሳው። ሰማያዊ ጭስ ሞላን። መጀመሪያ ቀስ ብሎ እየነካካ አሞቀው፤ ቀጥሎ ነዳጅ ሰጠው። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ አንድ ቦታ ላይ ለቅጽበት ያዝ አደረገና ቫልቮቹ ተነሱ። ከዚያ ያ ሞተር የጮኸውን ጩኸት እኔ እንጃ። በሩ ዝግ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ጥርሴ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። እኔም አፌን ከፈትኩ። መክፈቴን አውቃለሁ፣ ብርዱ ጉሮሮዬ ድረስ ስለገባ። ድምፅ ወጥቶኝ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ራሴን መስማት አልቻልኩም። ሰውየው ነዳጁን ሲለቅ አፌን ዘጋሁ። ፊቴን በጋቢው ጠረግኩ፤ ጭስም ያስለቅሳል።

«ጎበዝ!» አለ ባለቀይ ጺሙ። ጎረቤታችን በሩ አጠገብ ቆሞ ያየኝ ነበር።

ስንመለስ ቤት ሰው እንደ ሞላ ነው። ጎረቤታችን ከኔ ቀድሞ ገባ፣ ጫማውን አወለቀና ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣

«አልቅሷል። እንግዲህ ተዉት» አለ።

«ተመስገን» አለ ሽማግሌው።

ቦታዬን ለቀቁልኝ፣ ተቀመጥኩ። ድንጋይ ነህ ያለችኝ ሴትዮ በሁለት እጇ ውሃ አቀበለችኝ፤ ከነዘይቱ እጄ ተቀብዬ ጠጣሁ። ከዚያ ወዲያ አልቅስ ያለኝ ሰው የለም። ጎረቤታችን ዛሬም ጎረቤታችን ነው። ሳለቅስ አይቶኝ ይሁን ለኔ ብሎ ያለው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።