ገራባ የመሰለኝ ቅጠል

ጌታ ይባረክ፣ ቅዱሳን! ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬም ወደ ቤቴ ብመለስ ምሳ አይወርድልኝም። ስለዚህ ልመስክር። ሽማግሌዎቻችን አጭር አድርጊው ብለውኛል፤ እሞክራለሁ። እናቴ ደግሞ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ካበዛሁ በዓይኗ ታስቆመኛለች። ክብር ለኢየሱስ ይሁን! አሜን በሉ እንጂ!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። የከብት ሐኪም ነኝ። በጭሮ ዙሪያ ሞተር የምትነዳዋ ሴት ከተባለ እኔ ነኝ። ድሮ ጌታን አላውቀውም ነበር። ዝም ብዬ አለማመን ቢሆን ጥሩ፤ እኔ እቀልድም ነበር። ጠዋት ጠዋት ለሥራ ስወጣ እማዬ እጇን የሞተሬ የነዳጅ ታንከር ላይ ጭና ትጸልያለች። "ጌታ ሆይ፣ ቀስ የምትልበትን ልብ ስጣት" ትላለች። እኔ ደግሞ ሞተሩን እያስጮህኩ "እማዬ፣ ጸሎትሽ ቤንዚን ይሆናል እንዴ? ልቀቂኝ፣ ረፍዷል!" እላታለሁ። አትቆጣም። እጇን ታነሳና መንገድ ትለቅልኛለች።

ወገኖቼ፣ በቤታችሁ የሚለምንላችሁ ሰው ካለ አትግፉት። ይህን የምላችሁ ገፍቼ ስላየሁት ነው።

አንድ ቀን በደሳ አካባቢ ከብት በአባ ሰንጋ ሞተ ተባለ። ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አድርጌ ከኋላዬ አሰርኩና ከጭሮ ወጣሁ። ገበሬው ከብቱን ሰብስቦ ይጠብቀኛል። ፀሐይ ከረር ብላለች፣ በረዶው ይቀልጣል፣ ክትባት ደግሞ ከሞቀ ውኃ ማለት ነው። ስለዚህ በረርኩ። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር፤ በቀኝ ተራራ፣ በግራ ገደል። መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ በረዶው ብቻ ነበር።

አንድ ትልቅ ኩርባ ላይ ልደርስ ስል መንገዱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተበትኖ አየሁ። እንግዶች ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ሹፌር መኪናው ኩርባ ላይ ሲበላሽበት ቅርንጫፍ ቆርጦ ከኩርባው ወዲህ ያነጥፋል። "ወንድሜ፣ ከወዲያ የቆመ ነገር አለ፣ ቀስ በል" ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ግን አገራችን የጫት አገር ናት። ሰው ጫቱን ቅሞ የሚጥለው ትርፍ ቅጠል፣ ገራባ የምንለው፣ የሌለበት መንገድ የት አለ? እኔም "ገራባ ነው" አልኩና ረግጬው አለፍኩ። እጄን ከነዳጁ ላይ እንኳ ላላ አላደረግኩም።

ታጠፍኩ። ቅዱሳን፣ የጭነት መኪና ፊቴ ተገትሯል!

እንዴት ልንገራችሁ? ክንዴ ድርቅ አለ። ዓይኔ የመኪናው ጀርባ ላይ ተተከለ፤ ጭቃ መከላከያው ላይ የተሳለው አንበሳ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፤ አንድ ጆሮው ተልጦ ነበር። ከአንበሳው በቀር ምንም አላየሁም። አንድ ሰው "በግራ! በግራ!" እያለ ይጮኻል። ጆሮዬ ይሰማል፣ እጄ ግን አይታዘዝም። የፊት ፍሬኑን ባለኝ ኃይል ሁሉ ጨበጥኩ። ይህን ማድረግ እንደሌለብኝ ሞተር ስማር መጀመሪያ ነው የተነገረኝ። ጠጠሩ ከሥሬ ከዳኝ። ሞተሩ በቀኝ ወደቀና እኔን ይዞ ተንሸራተተ። መኪናው እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ትልቅ ድንጋይ አስደግፈው ነበር። ቀኝ እግሬ በዚያ ድንጋይና በሞተሩ መሃል ገባ።

ጌታ ይመስገን፣ አልሞትኩም! ያኔ "በግራ" እያሉ ሲጮኹ የነበሩት ሹፌሩ ነበሩ፤ ጋሼ አብዱረህማን ይባላሉ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው። ቡና ሊጭኑ ወደ መቻራ ሲሄዱ ነው መኪናቸው የቆመባቸው። ሞተሩን ከላዬ አነሱልኝ። "ቢስሚላህ። ሂን ሶዳቲን፣ ልጄ፣ አትፍሪ" እያሉ እግሬን ከጣውላ ጋር አሰሩት። የሚያልፍ ሚኒባስ አስቁመው፣ መኪናቸውን ትተው፣ እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ጭሮ መጡ። እኔ ግን ምስጋና የት አውቄ!

"መንገዱን ዘግተውብኝ ነው!" ብዬ ጮኽኩባቸው።

"ወላሂ አልዘጋሁም" አሉኝ ቀስ ብለው። "በግራ በኩል አውቶቡስ የሚያሳልፍ ቦታ ነበር። ከአንቺ በፊት ስንቱ አለፈ። አንቺ ክፍቱን መንገድ አላየሽም፣ መኪናዬን ነው ያየሽው። ኩርባ ላይ ዓይን የሄደበት ነው ጎማም የሚሄደው። ለመሆኑ ቅጠሉን አላየሽም?"

"ገራባ መስሎኝ" አልኩ።

"ሱብሃነላህ!" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሆስፒታል ደረስን። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ግን አይሸነግልም። የተሰበረውን አጥንት ጎትተው ወደ ቦታው መለሱት። ከዚያ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ "እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ" አለኝ። "ደም ወደ እግርሽ እየወረደ አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጠብቃለን። ካልሞቀ ከጉልበትሽ በታች እንቆርጣለን። አለዚያ ነፍስሽን ልናጣ ነው።"

እናንተ ብትሆኑ ምናልባት "ዶክተር ሊያስፈራራኝ ነው" ትሉ ይሆናል። እኔ እንደዚያ ማለት አልቻልኩም። የስንቱን በሬ እግር በእጄ ይዤ "ቀዝቅዟል፣ አይተርፍም፣ እረዱት" ብያለሁ። የቀዘቀዘ እግር ምን እንደሚመስል እጄ ያውቀዋል። ጎንበስ ብዬ የራሴን እግር ነካሁት። ቅዱሳን፣ ያው ነው! በሬ ላይ የማውቀው ቅዝቃዜ ነው። ጣቶቼ ጠቁረዋል። ዓይኔን ከእነሱ ላይ ማንሳት አቃተኝ። አያለሁ፣ እነካለሁ፣ እንደገና አያለሁ። በአንድ እግር ሞተር አይነዳም፣ ከብት አይያዝም። አለቀ አልኩ።

እማዬ መጣች። አላለቀሰችም። እጇን ወደ እግሬ ዘረጋችና መሃል ላይ አቆመችው። "ልጸልይ? ትፈቅጂልኛለሽ?" አለችኝ።

ወገኖቼ፣ እናት ልጇን ፈቃድ ስትጠይቅ! ያን ሁሉ ጠዋት "ልቀቂኝ" ያልኳት እኔ ነኛ። ያን ጊዜ ነው ቅጠሉ የገባኝ። ጌታ ለካ በየጠዋቱ መንገዴ ላይ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ያነጥፍልኝ ነበር። እኔ ገራባ ነው እያልኩ በላዩ እየነዳሁ አልፌያለሁ። ኧረ የጌታ ትዕግሥት!

"እማዬ" አልኳት፣ "ሹፌሩ ክፍቱን መንገድ አላየሽም አሉኝ። አሁንም እዚያው ኩርባ ላይ ነኝ። እግሬን ብቻ ነው የማየው። ክፍቱ መንገድ የት ነው?"

"ኢየሱስ ነው፣ ልጄ" አለችኝ። "እግርሽ ይዳን አይዳን እኔ አላውቅም። እሱን ግን ዛሬ ማየት ትችያለሽ። መጀመሪያ እሱን እዪ።"

እማዬ እንደዚህ ናት። የማታውቀውን ቃል አትገባም። ፊቴን ከእግሬ አዞርኩና ጸለይኩ። ጸሎት መች እችልበታለሁ? "ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ቢቆረጥም ባይቆረጥም ያንተ ነኝ። ስቄብሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ዓይኔን ያዝልኝ" ነው ያልኩት። እማዬም በሻከረ እጇ የቀዘቀዘውን እግሬን ይዛ በኦሮምኛም በአማርኛም አብራኝ ጸለየች። ሃሌ ሉያ!

ወዲያው ሞቀ ብዬ አልዋሻችሁም። ፍርሃቱም አልጠፋም። አንድ ነርስ የቀዶ ሕክምናውን ጋሪ እየገፋች በር ላይ ስታቆም የእማዬን ክንድ ጨበጥኩ። ዓይኔ ወደ እግሬ ሊሮጥ ይላል፣ እኔ "ኢየሱስ" እላለሁ። ደግሞ ሊሮጥ ይላል፣ "ኢየሱስ" እላለሁ። እንዲህ እየታገልኩ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ዶክተሩ ገባ። ጨርቁን ገለጠ። እጁን እግሬ ላይ አሳረፈ። እጁን ቀየረ፣ እንደገና ነካ። ከዚያ ነርሷን ጠርቶ "አንቺም ንኪው እስቲ" አላት። እሷ ነካችና እሱን አየችው።

"ጣትሽን አንቀሳቅሺ" አለኝ።

አላየሁም። እማዬን ነበር የማየው። በእማዬ ፊት ላይ ነው ጣቴ ሲንቀሳቀስ ያየሁት! ክብር ለጌታ! ክብር ለጌታ! እማዬ እልል ስትል ከጎን ያሉት በሽተኞች ሁሉ ተነሥተው ተቀመጡ። ዶክተሩ "አጥንት ሲመለስ የታጠፈ የደም ሥር አንዳንዴ ይከፈታል፤ ግን እኔ ልቆርጥ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት" አለ። እኔም "ዶክተር፣ እጅህ ይባረክ፤ የከፈተውን ግን አውቀዋለሁ" አልኩት።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ "ታዲያ ለምን ታነክሳለች?" እያላችሁ ነው፤ አውቃችኋለሁ። አዎ፣ አነክሳለሁ። ግን በሁለት እግሬ ነው የማነክሰው! አሜን?

ሥራዬን ተመልሼ ይዣለሁ። ያቺን ኩርባ መጀመሪያ ቀን ሳልፍ ክንዴ እንደገና ሊደርቅ አለ። ነዳጁን ቀነስኩ፣ ዓይኔን ከገደሉ አንሥቼ መንገዱ የሚወጣበት ላይ ጣልኩ፣ ሞተሩም ዓይኔን ተከትሎ ወጣ። ጋሼ አብዱረህማንንም ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ። እስከ ዛሬ በስሜ አይጠሩኝም፤ "አንቺ ገራባ፣ ደህና ነሽ?" ነው የሚሉኝ። እግሬን ያያሉ፣ "አልሃምዱሊላህ" ይላሉ፣ እንስቃለን። ጌታ ውለታቸውን ይክፈል።

ከኋላ በሩ ላይ ቆማችሁ የምትሰሙ አላችሁ። ሰው ጎትቷችሁ የመጣችሁ፣ "ይቺ ደግሞ መቼ ነው የምትጨርሰው" የምትሉ። እኔም በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ። ዛሬ እዚህ የወጣሁት ቅጠል ላነጥፍላችሁ ነው። ከኩርባው ወዲያ የቆመውን አይቼ፣ እያነከስኩ ተመልሼ ነው የመጣሁት። ገራባ ነው ብላችሁ አትለፉኝ። ቀስ በሉ። ፈርታችሁም ከሆነ የሚያስፈራችሁን ትታችሁ ኢየሱስን እዩት፤ መንገዱ ለእናንተም ይበቃል።

እማዬ ዓይኗን አፍጥጣብኛለች፤ ልጨርስ። ዛሬ ጠዋትም ከቤት ስወጣ እጇን ታንከሩ ላይ ጫነች። ረፍዶብኝ ነበር። ሞተሩን አጠፋሁና አሜን እስክትል ጠበቅኳት።