መምህሩ ሳያውቁ የመረቁኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ ታክሲ ውስጥ ሳለሁ፣ አንድ ባለተሳቢ መኪና በመስኮቴ በኩል ተጠግቶ የናፍጣና የጋለ ጎማ ሽታውን ለቀቀብን። ሌላው ተሳፋሪ አፍንጫውን ሲይዝ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ውስጥ ሳብሁት፤ የጋሽ ሰይድ ሽታ ነበርና።

ጋሽ ሰይድ በደርግ ጊዜ አቃቂ በሰቃ ሰፈር አጥር የምንጋራቸው የወሎ ሰው፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ የዕቃ ጸሐፊ ሆነው እንግሊዝኛ ለምደው ነበርና፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠርዙ በግሪስ የጠቆረ አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከእጃቸው አይለይም፤ ጭነት እስኪራገፍ ሌላው ሹፌር ካርታ ሲጫወት እሳቸው የቃላት ዘር ይቆጥራሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ መጽሐፉን ባዩ ቁጥር “ጣውንቴ መጣች!” ይሉ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን አስነሥተው ሲያስነብቡኝ ተንተባተብሁ። “ሲሊ ገርል!” አሉኝ፤ ሞኝ ልጅ ማለታቸው ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ “ሲሊ! ሲሊ!” እያሉ እስከ ቤቴ በር ሸኙኝ። በማግስቱ ዩኒፎርሜን አልጋ ሥር ሸሽጌ፣ ዳግመኛ ትምህርት ቤት አልሄድም አልሁ። እናቴ ለምናም ተቆጥታም ሲያቅታት፣ በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሰይድን ጠራች።

እሳቸው መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጣታቸውን መስመር ለመስመር አስኬዱ።

“አብሽሪ!” አሉ ቀና ብለው። “ይሄ ቃል ድሮ ‘የተባረከ’ ማለት ነበር። የተባረከው የዋህ ተባለ፣ የዋሁ ምስኪን ሆነ፣ ምስኪኑ ውሎ አድሮ ሞኝ ተባለ። ‘ገርል’ም ወንድም ሆነ ሴት፣ ልጅ ማለት ነበር። መምህርሽ ሳያውቁት ‘የተባረክሽ ልጅ’ ብለው መርቀውሻል።”

“አሁን ግን ሞኝ ማለት ነው” አልሁ እያለቀስሁ።

“አሁን ነዋ! ቃልም እንደ ሰው መንገድ ላይ ብዙ ያገኘዋል። ‘ጓድ’ን አታዪም? የልብ ወዳጅ ነበር፤ ዛሬ…”

“ኧረ ቀስ በሉ!” አለች እናቴ ወደ በሩ እያየች።

በማግስቱ በዚያች ተሳቢዋ በምትንኳኳ መኪና ትምህርት ቤት ድረስ ወሰዱኝ። መምህሩ ጋሽ ሰይድ የዘረጉላቸውን ገጽ መጀመሪያ ቆመው፣ ከዚያ ተቀምጠው አነበቡት። ክፍል ገብተውም ለሁሉም ካነበቡ በኋላ “እኔም ዛሬ ተማርሁ፤ ይቅር በይኝ” አሉኝ። መምህር ተማሪን ይቅርታ ሲጠይቅ ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስሙ ባይቀርም፣ እኔ ግን ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ ጀመር።

አሥረኛ ክፍል ስደርስ የጋሽ ሰይድ መኪና ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ስንቅ እንድታደርስ ታዘዘች። መጽሐፉን “ስመለስ ትሰጪኛለሽ” ብለው ሰጡኝ። አልተመለሱም። እትዬ ዘይነባ ሁለት ዓመት በር በሩን ሲያዩ ከርመው ደሴ ዘመዶቻቸው ጋ ገቡ።

የመምህርነት ዲፕሎማዬን የተቀበልሁ ዕለት እግሬ ሳላዘው ወደ ጋሽ ሰይድ በር ወሰደኝና አንኳኳሁ። የማላውቃት ሴት ከፈተችልኝ።

“ማንን ፈልገሽ ነው?”

“መምህር ሆንሁ እኮ” አልኋት።

“እሰይ! የታደልሽ!” አለችኝ፤ ከልቧ ነበር። የታደለ ማለት መጀመሪያ ምን ማለት እንደነበር የሚነግረኝ ሰው ግን በዚያ ቤት አልነበረም።