ለአይጥ የደረሰ፣ ለእህቴ ያልደረሰ

ታላቅ እህቴ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ኪኒን ከጀመረች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አልወደቀችም። ኪኒኑን በየወሩ ከጤና ጣቢያ የማመጣላት እኔ ነበርኩ፤ የምማረው ከተማ ስለሆነ። መድኃኒት የሚያድለው ሰው ካርዷን አይቶ ይሰጠኛል። አግብታለች ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ስታገባም አልነገርኩትም። ምን አገባው ብዬ ነው።

ስታረግዝ ለማንም አልተናገረችም። እኛ ዘንድ ፅንስ አይወራም፤ ሆድ ራሱ እስኪናገር ይጠበቃል። ጤና ኬላ ሄዳ ፎሊክ አሲድ ያለበትን የእርጉዞች ኪኒን የተቀበለችው በአምስተኛው ወር ነው።

ልጅቷ ጀርባዋ ክፍት ሆኖ ተወለደች። ወገቧ ላይ ቆዳው አልገጠመም። ሆስፒታል ወሰድናት። በደረቷ አስተኝተዋት ሦስት ቀን ኖረች። እናቴ "ዓይን ነው" አለች።

እኔ ግን ሐኪሟን ከምን እንደመጣ ጠየቅኋት።

"የሚጥል በሽታው ኪኒን ሊሆን ይችላል፤ እርግጠኛ መሆን አይቻልም" አለችኝ። "እርጉዝ አይጦች ላይ ሲሞከር ግን እንዲህ ያሉ ልጆች ወልደዋል። ፎሊክ አሲድ ሲሰጣቸው በአንዳንዶቹ ጉዳቱ ቀንሷል። በሁሉም አይደለም።"

"እህቴም እኮ ወስዳለች፤ በአምስተኛው ወር።"

"ጀርባ የሚገጥመው በመጀመሪያው ወር ነው። ገና ማርገዟን ሳታውቀው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አልኳት።

"ስትበረታ ሁለት ነገር ንገራት። ኪኒኑን በራሷ እንዳታቆም፤ ድንገት ከተተወ በሽታው ብሶ ይመለሳል። ደግሞ ሌላ ልጅ ከማርገዟ በፊት እኔ ጋ ትምጣ። መድኃኒቱ ይቀየርላታል፣ ፎሊክ አሲዱንም ቀድማ ትጀምራለች።"

"እሺ" አልኩ።

እናቴ ቤት ከገባን ከሳምንት በኋላ ነገርኳት። ባሏም አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

"አይጥ?" አለች። "አይጦቹስ ታድለው! አስቀድሞ የሚያስብላቸው ሰው አላቸው።" ልትስቅ ፈልጋ ነበር መሰለኝ። አልሆነላትም።

"ኪኒኑን ግን አታቁሚ ብላለች።"

"ለምን? ሁለተኛም እንዲያ ያለ ልወልድ?"

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ከማርገዝሽ በፊት ሂጂ፣ ይቀየርልሻል። ይኼው ነው፤ ሌላ የለውም። ግን ታላቄ ናት። ወተቷ ገና ቀሚሷን ያርሰዋል። ባሏ ያየኛል። ወንድም ለእህቱ ስለ ማርገዝ እንዴት ብሎ ያወራል? አፈርኩ።

"እሱን ሌላ ጊዜ" አልኳት።

በወሩ ኪኒኑን አምጥቼ ሰጠኋት። "ተባረክ ወንድምዬ" ብላ ተቀበለችኝ። አልዋጠችውም። ይህን ያወቅነው ኋላ፣ ኪኒኑን እንዳለ ከሣጥኗ ስናገኘው ነው።

ቀየት ገበያ በሚቆምበት ቀን፣ እናቴ ገበያ ሄዳ ሳለች፣ እህቴ ለባና፣ ለወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሆን የበግ ጠጉር ልታጥብ ብቻዋን ወንዝ ወረደች። ውሃው ከጉልበት አያልፍም። በግንባሯ ተደፍታ አገኟት። ጠጉሩ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ፣ ግማሹ ታጥቦ፣ ግማሹ ሳይታጠብ።

ለቅሶው ላይ አክስቴ "ያ መርዝ ኪኒን ነው የጨረሳት" እያለች ደረቷን ትደቃለች። ሰውም ራሱን እየነቀነቀ ይቀበላታል። ጤና ጣቢያውን ይራገማሉ። እኔም አብሬ ተራገምኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ካርዷን እያየ አንዲት ቃል ያልተናገረውን ሰውዬ አሁንም እረግመዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ባሏ በሰው መሃል ጠራኝ።

"አንተ፣ ሐኪሟ ሌላ ልጅ አይሆንላትም ብላህ ነው የደበቅኸን?"

"አላለችም።"

"ታዲያ ምን አለች?"

ነገርኩት። ከማርገዟ በፊት ትምጣ እንዳለች፣ መድኃኒቱ እንደሚቀየር፣ አንድም ሳላስቀር። አባቴ ነበሩ፣ የንስሐ አባታችን ነበሩ፣ ጎረቤት ሁሉ ነበረ። አላፈርኩም።

አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

"ይቺን ለመናገር ነው አፍህ እምቢ ያለህ?" አለኝ።