«ጠርተናቸው ቀሩ»

ሸደር ላይ የውሃ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ የቦኖ ውሃ ኮሚቴው አባላት ሁሉም ወንዶች ነበሩ።

«ሴት የላችሁም እንዴ?» አልኳቸው ሊቀመንበሩን አቶ ዓሊን።

«ዋላሂ እህቴ፣ ሁሌ እንጠራቸዋለን። ፍላጎት የላቸውም፤ ይቀራሉ።»

ለካ የሚሰበሰቡት ከሰዓት በኋላ እሳቸው ቤት፣ ጫት እየቃሙ በርጫ ላይ ኖሯል! ሴቶቹ በዚያ ሰዓት ጀሪካን ይዘው ቦኖው ጋ ይሰለፋሉ።

እልህ ያዘኝ። ቀጣዩን ስብሰባ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ቦኖው ጋ ጠራሁ። ሴቶቹ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ሲከራከሩ ቆይተው ከመሀላቸው አዲስ አባላት መረጡ። ከወንዶቹ አንድም አልመጣም።

በማግስቱ አቶ ዓሊ እየጮሁ ቢሮዬ ገቡ።

«ጠርተናችሁ ቀራችሁ፤ ፍላጎት የላችሁም ብዬ ነው» አልኳቸው።

«እንዴት እንምጣ?» ብለው አፈጠጡብኝ። «በበርጫ ሰዓት እየጠራሽን!»