ካልጠሩን አንነካዎትም

እኔ እጄ አያርፍም። ሰው ዕቃ ሲያነሳ ካየሁ ልቀማ፣ ሕፃን ሲደናቀፍ ካየሁ ላንጠልጥል፣ እንዲህ ነው ጠባዬ። እናቴ በሕይወት ሳለች “የአንቺ እጅ ከልብሽ ቀድሞ ይሮጣል” ትለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንደ ሙገሳ እቆጥረው ነበር። ይኸው ጠባይ ሁለት ሰው አስቀየመብኝ፤ አንዱ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ሌላው አባቴ ናቸው።

የምንኖረው ራማት የዲዲም የሚባል ሰፈር ነው፣ በዕብራይስጥ ማዓሊት የሚሉት አሳንሰር የሌለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ። ሃምሳ ስድስት ደረጃ በእግር ይወጣል፣ በእግር ይወረዳል። አባቴ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ብረት ገባላቸው። ከሆስፒታል የተመለሱ ዕለት ሁለት የአምቡላንስ ሰዎች ወንበር ላይ አስረው ተሸክመው አወጧቸው። ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፍቶ ሲያይ አባቴ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰባት ወር ሙሉ ከቤት አልወረዱም።

አጥንቱ ገጥሟል፤ ፊዝዮተራፒስቱ ቀስ እያሉ ደረጃ መውረድ ይችላሉ ብሎናል። እሳቸው ግን እኔ ብደግፋቸው ሁለት ደረጃ ወርደው ይመለሳሉ፣ የብሎኩ ወንዶች ተሸክመን እናውርድዎት ቢሏቸው ይቆጣሉ። “ገጠር ሳለሁ ስንቱን በቃሬዛ ተሸክሜ ሐኪም ቤት አድርሻለሁ” አሉኝ አንድ ቀን። “ቃሬዛ ላይ ወጥቶ በእግሩ የተመለሰ አላየሁም።” የሮኬት ሳይረን ሲጮህ እንኳ ሰዉ ሁሉ ወደ ሚክላቱ ሲሮጥ እሳቸው በር ላይ ቆመው ዳዊት ይደግማሉ፤ እኔም ጥያቸው አልወርድ፣ አብሬያቸው እቆማለሁ። እንዲህ ከቀጠሉ ከዚያ ቤት የሚወጡት ሞተው ብቻ ነው እያልኩ ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ ይበልጥብኝ ነበር።

ሚክላቱ ግቢያችን ውስጥ ከመሬት በታች ያለ መጠለያ ነው። ደህና ጊዜ ሲሆን ብረት የምናነሳበት ቤት ይሆናል። የዛሬ ሦስት ዓመት ብረት እየጣላችሁ አባቴን አላስተኛ አላችሁ ብዬ ልጣላ ወርጄ፣ ተመዝግቤ ወጣሁ። አሰልጣኙ ከሩሲያ የመጣ ጡረተኛ በያጅ ነው። እስክጨርስ ሰማኝና፣ ይህን ሁሉ ጉልበት በአፍሽ ከምትጨርሺው ነይ ብረቱን ያዢው አለኝ። በምሠራበት ፖሌግ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሳነሳ ወገቤ ተቆርጦ ነበርና ሞከርኩት። በሁለት ወር ወገቤ ዳነ። አባቴ ግን ሰው ከሸክም ለመዳን አገር ጥሎ ይመጣል፣ የእኔዋ ልጅ ሸክም ፍለጋ ምድር ቤት ትገባለች እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ብረት ቤት ያለ ሰው ልዩ ነው። ማንም ከየት መጣሽ፣ ስንት ታገኛለሽ ብሎ አይጠይቅሽም፤ የትኛው ጉልበትሽ እንደሚያምሽ ግን ሁሉም ያውቃል። አንዱ ብረት ሥር ሲገባ የሌላው ወሬ ይቆማል። አንድ ሰው ከኋላው ይቆምና “አኒ ፖ” ይለዋል፣ እዚህ ነኝ ማለት ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ከኋላ የቆመ እጁን ያስጠጋል እንጂ፣ ያነሳው ሰው ካልጠራው በቀር ብረቱን አይነካም። በአንድ ጣት ከነካው እንኳ ያ ማንሳት አይቆጠርም። ከተጠራ ደግሞ ሁሉም በአንዴ ይይዛል፣ ማንም አይስቅም።

ይህን ሕግ እኔ አፈረስኩት። ውድድራችን ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ውድድር ስል የቤታችን ነው፤ በዓመት አንድ ዓርብ ጠዋት ቤተሰብ እየተጠራ ሁላችንም አቅማችንን የምናሳይበት። አብሮን ብረት የሚያነሳው ያ የአውቶቡስ ሾፌር ለወራት የደከመበትን ክብደት ትከሻው ላይ ጭኖ ቁጢጥ አለ፤ ሊነሳ ሲል መንገድ ላይ ቀስ አለ። ከኋላው የቆምኩት እኔ ነኝ። ፊቱ ሲጠቁር አላስቻለኝም፣ ያዝኩለት። አሰልጣኙ ራሱን ነቀነቀ። ሾፌሩ አልጮኸብኝም፤ ይወጣልኝ ነበር ብሎ ፎጣውን አንስቶ ሄደ። እኔ ነኝ የጮኽኩት። ሰው ሊጨፈለቅ እያየሁ እጄን ልሰብስብ ወይ ብዬ በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ አባቴን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ብቻቸውን ከቤት ወጥተው፣ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው የደረጃውን ብረት ይዘው አምስተኛው ደረጃ ላይ ደርሰዋል። ሮጬ ብብታቸው ሥር ገባሁ።

“መች ጠራሁሽ?” አሉኝ።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ዞር ብለው አንድ በአንድ ወደ ላይ ወጡና በሩን ዘጉ። እኔ ግን እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እንደ ሾፌሩ ብረት ሁሉ ሰባት ወር ሙሉ ሳልጠራ እየነካሁባቸው እንደኖርኩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አፈርኩ፣ አለቀስኩም።

በማግስቱ ወርጄ ሾፌሩን ይቅርታ ጠየቅሁት። ለእኔ ይቅርታ መጠየቅ ኩንታል ከማንሳት ይከብዳል፣ የሚያውቀኝ ያውቃል። እኔ ስጨርስ እሱ የጠየቀኝ ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለ አባቴ ነው፤ ሁሉንም ነገርኩት። አሰልጣኙ ደረጃውን ራሱ ወጥቶ ወርዶ ቆጠረው። ከክፋር ዮና እየመጣች አብራን ብረት የምታነሳው የመዋዕለ ሕፃናት መምህርትም አባቴን ለማውረድ በውድድሩ ዓርብ ማልዳ እንደምትደርስ ነገረችን።

ዓርብ ጠዋት አሰልጣኙ፣ ሾፌሩና መምህርቷ በራችንን አንኳኩ። አባቴ ሦስቱን አዩና ሊሸከሙኝ ነው የመጡት ብለው ተቆጡ። ሾፌሩ በዕብራይስጥ ሲናገር እኔ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው፦

“ካልጠሩን አንነካዎትም። ከጠሩን ግን ሁላችንም በአንዴ እንይዝዎታለን።”

አባቴ ምርኩዛቸውን ጠየቁኝ።

አሰልጣኙ ሾፌሩን ከፊት አቆመው፣ ፊቱን ወደ አባቴ መልሶ ወደ ኋላ እየወረደ። መምህርቷ በጎን፣ እሱ ራሱ ከኋላ ሆኑ። እኔን የፕላስቲክ ወንበር አሸከመኝ፣ ሁለቱም እጆቼ እንዲያዙ። ምን ያህል እንደሚያውቀኝ ተመልከቱ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጎረቤት በሯን ከፈተች፣ አየችን፣ ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወንበሩን አቀረብኩላቸው፤ ላባቸውን ጠርገው ተነሱ። የስድስት ሰው እጅ ዙሪያቸውን ተዘርግቶ አንዱም አልነካቸውም። ምን የስድስት ሰው፣ ሦስት ሰው ነው፤ ለእኔ ግን ስድስት መስሎ ታየኝ።

ከታች ስምንት ደረጃ ሲቀር ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። ወንበሩን ጥዬ ልይዛቸው ምን ቀረኝ፣ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ሾፌሩ ዓይን ዓይናቸውን እያየ “አኒ ፖ” አላቸው። አንድ ደረጃ ጨመሩ። ሌላ ጨመሩ። ከዚያ ቆሙ።

“በሉ ያዙኝ” አሉ።

አባቴ ያዙኝ ሲሉ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ሦስቱም በአንዴ ያዟቸው፤ አማርኛ ማን አስተማራቸው አትበሉኝ። ስድስቱን ደረጃ እንዲህ ወርደው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲያገኛቸው፣ አባቴ ፊታቸውን አልሸፈኑም።

የሚክላቱንም ደረጃ ደግፈን አውርደን ከፊት አስቀመጥናቸው። የእኔ ተራ ሲደርስ የመጨረሻው ክብደቴ መቶ ኪሎ መሆኑን ነገርኳቸው። ስንት ኩንታል ይሆናል አሉኝ፤ አንድ ሙሉ አልኳቸው። ኩንታል እኮ በቅሎም ትንገዳገድበታለች ብለው ምርኩዛቸውን ጨበጡ። ከኋላዬ የቆመው ሾፌሩ ነው።

ብረቱን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ፣ ቁጢጥ አልኩ። ስነሳ መንገድ ላይ ያዘኝ። ወደ ላይም ወደ ታችም የለም። ጆሮዬ ጮኸ፣ የሾፌሩ እጅ ሲጠጋ ከብብቴ ሥር ታወቀኝ። ልጣራ አፌን ከፈትኩ።

“እንዳትነኳት!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ከወንበራቸው ተነስተው ቆመዋል። “ገና አልጠራችም።”

የሾፌሩ እጅ ቆመ። እኔም አፌን ዘግቼ ገፋሁ፤ ስንት ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም፣ ብቻ ጉልበቴ ሲቃና አየሁ። ብረቱን መልሰን ስናስቀምጥ ሾፌሩ ከእኔ በፊት ጮኸ፤ አሰልጣኙ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር።

አባቴ አጠገብ ሄጄ ተንበረከክሁ። ላቤን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። ከዚያ በበሩ በኩል ወደ ብሎካችን አሻቅበው አዩና ምርኩዛቸውን አነሱ።

“አሁን ተራው የእኔ ነው፣ ልውጣ” አሉ። “አንቺ ወንበሩን ያዢ።”